ስልኩ የሠራተኛው፣ መረጃው የድርጅቱ፤ ሰው ሥራ ሲለቅስ?

ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመልሶቹ ክር ረዝሞ ዘግይተው የሚገቡት የተመለሰውን ደግመው ስለሚጠይቁ የተባለውን በራሴ አባባል አሳጥሬ አስቀምጫለሁ። ቁጥሩ የመልሶቹ ተራ ነው። ሐሳቤ ተቆረጠ የሚል ካለ ይቅርታ፤ እኔ የተሰደብኩበትን ግን አልቆረጥኩም።

የመነሻው ጽሑፍ

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ የሕክምና ዕቃ አስመጪ ድርጅት ነው የምሠራው። 41 ሠራተኞች ነን። መደቤ አይቲ ይባላል እንጂ ፕሪንተር የምጠግነውም፣ ለሒሳብ ክፍሉ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም የምጭነውም፣ ዋይፋይ ሲቋረጥ የምወቀሰውም እኔ ነኝ። ድርጅቱ ኮምፒውተር የገዛው ለሒሳብ ክፍሉና ለጸሐፊዋ ብቻ ነው። የሽያጭ ልጆች በገዛ ስልካቸው፣ ግማሾቹም በገዛ ላፕቶፓቸው ይሠራሉ። ፕሮፎርማው፣ የዋጋ ዝርዝሩ፣ የደንበኞች ስልክ ቁጥር፣ ለጨረታ የምናስገባው ሰነድ ሁሉ በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ነው የሚመላለሰው።

ባለፈው ወር ከሽያጭ አንድ ልጅ ለቆ ተፎካካሪያችን ዘንድ ገባ። መታወቂያውንና የቢሮ ቁልፉን ተረክበን፣ ክሊራንሱን ፈርመን፣ ቡና አፍልተን ሸኘነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ የግሩፑን አባላት ብቆጥር 63 ሆኑ። ልጁም እዚያው አለ። ስልኩ የራሱ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን የእኛ ነው። ምን ማድረግ እንችላለን? ምን ማድረግስ ይፈቀድልናል? በጀት የለም ማለት ይቻላል።

መልስ 1። ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ነው የጀመረው፤ ትሁት ነበር። እነሱ ዘንድ የኮምፒውተሩ የፍላሽ ቀዳዳ ሳይቀር እንደተዘጋ፣ የግል ስልክ ከሥራ መረብ ጋር እንደማይገናኝ ነገረን። ለእያንዳንዱ ሽያጭ ሠራተኛ የድርጅት ስልክ ተገዝቶ በግል ስልክ መሥራት ጨርሶ መከልከል አለበት ባይ ነው።

መልስ 2። ወዲያው ተነሣበት። በጀት የለም የሚለውን አላነበብክም ወይ ካለ በኋላ፣ ፎቅ የሠራ ሰው ጎጆ ውስጥ ላለው ስለ ሊፍት ይመክራል ሲል ተረበው። ባንክ ቤቱም አልተመለሰም። እኔ ግን በአንድ ነገር ትክክል እንደነበር አሁን ይገባኛል፤ የፍላሹን ቀዳዳ መዝጋት ገንዘብ አይጠይቅም፤ በሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች ላይ በዚያው ቀን ዘጋሁት። የፒችትሪው ባክአፕ በየሳምንቱ በሒሳብ ሠራተኛዋ ፍላሽ ላይ ተቀድቶ፣ ከቁልፏ ጋር ተንጠልጥሎ ወደ ቤት ይሄድ እንደነበር ያወቅሁትም ያን ዕለት ነው።

መልስ 3። ከሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው። ሰውየው ሙያው ይመስላል፤ ረጅም ጻፈ። አንድሮይድ ከ5.0 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ አንዱን ስልክ ለሁለት የሚከፍል የሥራ ፕሮፋይል የሚባል ነገር እንዳለው አስረዳ። የሥራው ኢሜይልና ፋይል ትንሽ የሻንጣ ምልክት ባለባቸው መተግበሪያዎች ውስጥ ብቻ ይቀመጣል፤ ከዚያ ወጥቶ ወደ ግል ጋለሪ ወይም ወደ ግል ቴሌግራም እንዳይቀዳ መከልከል ይቻላል። ሠራተኛው ሲለቅ ያ ክፍል ብቻ ይጠፋል፤ የልጁ የልደት ፎቶ አይነካም። አይፎንም ከአይኦኤስ 13 (2019 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተመሳሳይ መንገድ አለው። ማይክሮሶፍት ደግሞ ስልኩን ሳይመዘግብ የሥራ መተግበሪያዎቹን ብቻ የሚቆልፍ አሠራር አለው።

ሁለት ማሳሰቢያ አከለ። አንደኛው፣ ይህ ሁሉ የሚሠራው የድርጅቱ ኢሜይልና ፋይል በድርጅቱ ስም በተከፈተ አገልግሎት ላይ ካለ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው በግል ጂሜይሉ የሚሠራ ከሆነ ለሁለት የሚለይ ነገር የለም። ሁለተኛው፣ ሥራው በግል ቴሌግራም ከተመላለሰ ፕሮፋይሉ በር ተቆልፎ መስኮት እንደተከፈተ ቤት ነው። በሁለቱም የተነካሁት እኔ ነኝ።

መልስ 4። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። የሽያጭ ሠራተኛ ነች፤ በቁጣ ነው የጻፈችው። ስልኩን የገዛችው የእቁብ ዕጣ ሲደርሳት መሆኑን፣ ካርዱን የምትሞላው ከደመወዟ መሆኑን፣ ደንበኛ ማታ በሦስት ሰዓት ሲደውል የምታነሣውም በዚያው ስልክ መሆኑን ዘረዘረች። ድርጅቱ አምስት ሳንቲም ሳያወጣ ስልኳ ውስጥ ቁልፍ ልትከል ማለቱ ዓይን አውጣነት ነው አለች። አለቃዋ ፎቶዋን፣ መልእክቷን፣ የት እንደምትውል ማየት ይችል እንደሆነም ጠየቀች። እኔን በቀጥታ የሠራተኛ ሰላይ ብላኛለች።

መልስ 5። ሦስተኛው ሰው ተመልሶ በትዕግሥት መለሰላት። በግል ስልክ ላይ በተከፈተ የሥራ ፕሮፋይል አሠሪው የግሉን ክፍል መተግበሪያዎች፣ ፎቶና መልእክት ማየት አይችልም። ከሥራ ሰዓት ውጭ ሠራተኛው ራሱ የሥራውን ክፍል ማጥፋት ይችላል። ነገር ግን ስልኩ በሙሉ እንደ ድርጅት ንብረት ከተመዘገበ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ አሠሪው ብዙ ያያል፣ ብዙም ያዝዛል። ስለዚህ እሺ የሚለውን ከመጫኗ በፊት የትኛው እንደሆነ ጠይቃ በጽሑፍ እንድትቀበል መከራት። በዚህ አጋጣሚ ለሁላችንም የማናውቀውን ነገር ነገረን፤ የቢሮ ኢሜይል ስልክ ላይ ሲከፈት አንዳንዱ የስልኩን አስተዳዳሪነት ፈቃድ ይጠይቃል፤ ያንን የፈቀደ ሰው ስልኩ ከርቀት ሙሉ በሙሉ ሊደመሰስበት ይችላል።

መልስ 6። ይህንን የደረሰበት ሰው ነበር። የት እንደሠራ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ከለቀቀ በሁለተኛው ቀን፣ ታክሲ ውስጥ እያለ ስልኩ ራሱ ጠፍቶ በራ፣ እንደ አዲስም ቋንቋ ምረጥ አለው። የእናቱን የመጨረሻ ወራት ፎቶዎች ሌላ ቦታ አላስቀመጣቸውም ነበር። መሥሪያ ቤቱን ሲጠይቅ የመልቀቂያ አሠራራችን ነው ተባለ። ከዚህ መልስ በታች ለተወሰነ ጊዜ ማንም ምንም አልጻፈም።

መልስ 7። አንድ የሕግ ባለሙያ ገባች፤ ቁጥብ ነች። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የደንበኛ ስምና ስልክ ቁጥር እንዲሁ የሚበተን ነገር እንዳልሆነ፣ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እንደሆነ አስታወሰች። መረጃው የተቀመጠው በሠራተኛው ስልክ ላይ ነው ማለት ድርጅቱን ከኃላፊነት አያወጣውም። ወዲያውም ለእኔ ማስጠንቀቂያ ሰጠች፦ የለቀቀው ልጅ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ የተወው ቴሌግራም ቢገኝ፣ ያለ ፈቃዱ ገብቼ እንዳላጠፋ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 ያልተፈቀደ መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ ቅን ልብ መከላከያ አይሆነኝም። ከዚያ ይልቅ ምን ምስጢር እንደሆነ፣ ሲለቅ ምን እንደሚመለስ ከመጀመሪያው በቅጥር ውሉ ላይ ይጻፍ አለች። የእኛን ውል አየሁት። ስለ መረጃ አንድ መስመር የለውም፤ ስለ ደንብ ልብስ ግን ሦስት አንቀጽ አለው።

መልስ 8። በዚህ የተከሰሰ ሰው አሳዩኝ የሚል ባለ አንድ መስመር። ከሕግ ባለሙያዋ ጋር ትንሽ ተናከሱ፤ አለፍኩት።

መልስ 9። ስለ ቴሌግራም ራሱ ነው። ብዙዎቻችን ቴሌግራም ሁሉ ነገሩ የተመሰጠረ ይመስለናል። ሰውየው ግሩፖችና ተራ ውይይቶች በቴሌግራም ሰርቨር ላይ እንደሚቀመጡ፣ ከመልእክቶች መካከል ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው) የሚመሰጠረው በሁለት ሰው መካከል የሚከፈተው ሚስጥራዊ ውይይት ብቻ እንደሆነ አስረዳ። ከዚያም በነጻ ሊደረጉ የሚችሉትን ነገረን። የግሩፑ ባለቤት ማስተላለፍንና ማስቀመጥን መከልከል ይችላል፤ አዲስ አባል የድሮውን እንዳያይ ማድረግ ይቻላል፤ እያንዳንዱ ሰው ከሚላከው ኮድ ሌላ የራሱን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይክፈት፤ በቅንብሩ ውስጥም አካውንቱ የትኞቹ መሣሪያዎች ላይ ክፍት እንደሆነ ይይ። እኔ የራሴን አየሁ። ሁለት ዓመት የሆነው፣ የት እንዳለ የማላውቀው ኮምፒውተር ላይ ክፍት ነበርኩ።

መልስ 10። የት እንደሆነ የነገረኝ ይህ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ፕሪንት ቤት አለው፤ ኮንዶሚኒየም ሥር፣ ፎቶ ኮፒና መታወቂያ ላሚኔት የሚያደርግ። ሰዎች ለፕሪንት ሲመጡ ወይ ፋይሉን በቴሌግራም ይልኩለታል፣ ወይ ደግሞ በእሱ ኮምፒውተር የራሳቸውን ቴሌግራም ይከፍታሉ፤ ከአምስቱ አንዱ ሳይዘጋ ይሄዳል። ዳውንሎድ የሚለው ፎልደሩ ውስጥ በአንድ ቀን የቤት ሽያጭ ውል፣ የጨረታ ሰነድ፣ የደመወዝ ዝርዝር፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የሰው የምርመራ ውጤት ሲከማች አይቷል። እሱ ማታ ማታ ያጠፋል። ጎረቤቱ ግን ሃርድ ዲስኩ እስኪሞላ አይነካውም። በዚህ ሁሉ ክር እንደዚህ ሰው መልስ ያስደነገጠኝ የለም። እኛ ስለ ሠርጎ ገቦች እናወራለን፤ የጨረታ ዋጋችን ግን በአንድ ገጽ አምስት ብር እየተከፈለበት ሰው ጠረጴዛ ላይ ይቀራል።

መልስ 11። የቁጥር ጉዳይ አነሣ። ሲም ካርድ ሳይሠራበት ሲቆይ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል። አዲሱ ባለቤት ቴሌግራም ሲከፍት የማረጋገጫው ኮድ የሚመጣው ለእሱ ነው፤ የቀድሞው ሰው ባለ ሁለት ደረጃውን ካልከፈተ ግሩፖቹም አብረው ይመጡለታል። የዚህ ሰው እኅት አዲስ ሲም አውጥታ አንድ የማታውቀው የግንባታ ድርጅት ግሩፕ ውስጥ ራሷን አገኘች። ለአንድ ሳምንት የሲሚንቶ ዋጋ ስትከታተል ቆይታ ነው የወጣችው።

መልስ 12። ከቨርጂኒያ የጻፈች እኅታችን ትልልቆቹም ከዚህ እንዳልዳኑ ነገረችን። በ2022 እ.ኤ.አ. የይለፍ ቃል የሚያስቀምጠው ላስትፓስ ሲዘረፍ ሌቦቹ የገቡት በአንድ ነባር መሐንዲስ የቤት ኮምፒውተር በኩል ነው። የድርጅቱን የደንበኞች ባክአፕ መክፈቻ ማግኘት የሚችሉት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዱ እሱ ነው። ቤቱ ፊልም የሚያይበት ፕሌክስ የሚባል ፕሮግራም ነበረው፤ ቀዳዳው በግንቦት 2020 ተደፍኖ ማሻሻያ ወጥቶለታል፣ እሱ ግን አላዘመነውም። በዚያ በኩል የሚተይበውን የሚቀዳ ፕሮግራም ተከሉበትና ዋናውን የይለፍ ቃል ሲጽፍ ያዙት። ቀጥላ ለሌሎች ድርጅቶች የሠራተኞቻቸውን መግቢያ የሚያስተዳድረውን የኦክታን አመጣች፤ በ2023 እ.ኤ.አ. የ134 ደንበኞች ፋይል የታየበትን። የግል መሣሪያ መከልከል ያለበት ለዚህ ነው ብላ ደመደመች።

መልስ 13። ይህ ሰው ኃይለኛ ቢሆንም ልክ ነው። ላስትፓስን ተቀበለላት፤ ኦክታን ግን አረማት። እዚያ የሚሠራበት መሣሪያ የግል አልነበረም፤ ላፕቶፑ የድርጅቱ ነው። ሠራተኛው በዚያ ላፕቶፕ ክሮም ላይ በግል የጎግል አካውንቱ ገባ፤ የሥራው የይለፍ ቃል እዚያው የግል አካውንቱ ውስጥ ተቀመጠ። በኦክታ መግለጫ መሠረት የተሰረቀው ምናልባት ከዚያ አካውንት ወይም ከሠራተኛው የግል መሣሪያ ነው። ስለዚህ ስልክና ላፕቶፕ ገዝቶ ማደል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ የግሉና የሥራው የሚደባለቀው አካውንቱ ላይ ነው ይላል። ሳያነቡ መጻፍ የዲያስፖራ ጠባይ ነው የምትለውን ባይጨምር ጥሩ ነበር። እኅታችን ሲያርሙ ማመስገን ልማዷ እንደሆነ፣ ስድቡን ግን ለራሱ እንዲያስቀምጠው መለሰች፤ ይህ 14ኛው መልስ ነው።

መልስ 15። ስልኮቹን ራሳቸውን አነሣ። በ2020 እ.ኤ.አ. ቴክኖ ደብሊው 2 በተባለ ርካሽ ስልክ ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ጎጂ ፕሮግራሞች ገና ከዕቃው ጋር ተጭነው መገኘታቸውን፣ ባለቤቶቹ ሳያውቁ ካርዳቸውን እየበሉ የማይፈልጉትን አገልግሎት ይመዘግቧቸው እንደነበር አስታወሰ። ስልኮቹ ከተገኙባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነች። አምራቹ በበኩሉ ችግሩ ከአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ካለ ሌላ አካል የመጣ እንደነበር ገልጿል። የሰውየው ነጥብ ሠራተኛው ምንም ሳያጠፋ ስልኩ ራሱ ሊታመን የማይችልበት ጊዜ መኖሩ ነው፤ የሥራ መረጃ የሚገባበት ስልክ ቢያንስ የደህንነት ማሻሻያ የሚመጣለት ይሁን አለ።

ከ16 እስከ 22። ቴክኖ ተሰደበ አልተሰደበም ክርክር ነው። አንዱ አራት ዓመት ይዞት ባትሪው እንዳልደከመ፣ ሌላው ሳምሰንጉ በሁለት ዓመት እንደሞተ፣ ሦስተኛው ያገለገለ አይፎን ከዱባይ በስንት እንደሚገባ ያወራሉ። 19ኛው ስልክ የሚሸጥ ሰው ነው፤ አድራሻውን ትቼዋለሁ። ስለ መረጃ የሚያወራ የለም።

መልስ 23። ወደ ጉዳዩ የመለሰን ስለ ላፕቶፕ የጻፈ ልጅ ነው። የእኛ ችግር ስልክ ሳይሆን ክራክ፣ ማለትም ሳይገዛ የተከፈተ ዊንዶውስ ነው ይላል። ማንም የገዛ ላፕቶፑ ላይ ዊንዶውሱን ያለ ክፍያ የሚከፍተውን አክቲቬተር ሲጭን ፕሮግራሙ አንቲቫይረስህን አጥፋ ይለዋል፤ እሱም ይታዘዛል። ከአክቲቬተሩ ጋር ብሮውዘሩ ውስጥ የተቀመጠውን የይለፍ ቃል ሁሉ ሰብስቦ የሚልክ ሌባ አብሮ ሲገባ በተደጋጋሚ ታይቷል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል። ልጁ የሚያደርገው ቀላል ነው፦ በእነዚያ ላፕቶፖች ላይ የሥራ ፋይል አያስቀምጥም፤ ሁሉም በብሮውዘር ገብተው በድርጅቱ ድራይቭ (ኢንተርኔት ላይ ባለው የፋይል ማስቀመጫ) ላይ ይሠራሉ፤ ማውረድ ተዘግቷል፤ መግቢያውም በስልክ ማረጋገጫ ነው። ሌባው የይለፍ ቃሉን ቢወስድ ማረጋገጫው ያስቆመዋል አለ። 13ኛው ሰው በ24ኛው መልስ ብቅ ብሎ፣ ማረጋገጫውን አልፎ ክፍት የሆነውን መግቢያ ራሱን ከብሮውዘሩ የሚሰርቁ እንዳሉ አስገነዘበው። ልጁ አመነ፤ በየቀኑ ማታ እንዲወጡ አደርጋለሁ ብሎ ቃል ገባ።

መልስ 25። አንድ አባት ናቸው፤ በመርካቶ 30 ዓመት ነግደዋል፤ በልጃቸው እጅ እንደሚያስጽፉ ተናግረዋል። ቴክኖሎጂውን እንደማያውቁት ይቅርታ ጠይቀው፣ እሳቸው ሱቅ ውስጥ ሻጩ የሚያውቀው የሚሸጥበትን ዋጋ እንጂ የተገዛበትን እንዳልነበረ አወሩ። የመግዣው መዝገብ ካዝና ውስጥ፣ ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ። ከዚያ እኔን፣ ልጄ ብለው፣ አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ የጨረታውን ዋጋ 63 ሰው እንዲያይ ያደረገው የትኛው ስልክ ነው? ሰው መልቀቁ ድሮም የነበረ ነው፤ የሚለቅ ሰው ያወቀውን ከጭንቅላቱ ማውጣት አይቻልም፤ ማወቅ የሌለበትን አለማሳወቅ ግን ይቻላል አሉ።

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ሁለት ቀን ስልኩን እንዴት እንደምቆልፍ ስጠይቅ ነበር የዋልኩት። ስልኩ ላይ የላክነው እኛው ነን። ገንዘብ ላላወጣንበት ስልክ ትእዛዝ ማውጣት አንችልም፤ ወደዚያ የምንልከውን መምረጥ ግን የእኛ ነው።

መልስ 26። የሽያጯ ሠራተኛ ተመለሰች፤ ረጋ ብላለች። ካርዱን ድርጅቱ ከሸፈነ፣ ለስልኩም በየወሩ የሆነ ነገር ካሰበ፣ የግሉ ክፍል እንደማይነካም ከተፈረመላት የሥራ ፕሮፋይሉን ለመክፈት ፈቃደኛ ነች። ሰላይ ያለችኝን አላነሣችም፤ እኔም አላነሣሁባትም።

መልስ 27። የቨርጂኒያዋ እኅታችን ደገፈቻት። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2014 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ሠራተኛ በግል ስልኩ ለሥራ እንዲደውል የሚፈለግ ከሆነ አሠሪው ከስልኩ ወጪ ተመጣጣኝ ድርሻ መክፈል እንዳለበት መወሰኑን ጻፈች፤ ያልተገደበ ጥቅል ኖሮት ተጨማሪ ሳንቲም ባያወጣም እንኳ። እኛ ዘንድ እንደማይሠራ ታውቃለች፤ ለሥራ አስኪያጁ ለማሳየት ግን ያመቻል አለች። አሳየሁት። ካርድ በወር 300 ብር ፈቀደ።

መልስ 28። የእኔ ነው፤ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። የግሩፑን 63 አባላት ከደመወዝ መዝገቡ ጋር አንድ በአንድ አስተያየሁ። አሁን የሚሠሩት 34 ናቸው፤ ሹፌሮቹና ጥበቃዎቹ ድሮም አልነበሩበትም። ከቀሩት 29 መካከል 17ቱ በተለያየ ጊዜ የለቀቁ ናቸው፤ አንዷ ከአምስት ዓመት በፊት። ስድስቱ የሠራተኞቻችን ሁለተኛ ቁጥር ነው። ሁለቱ የተሰረዙ አካውንቶች። ሦስቱን ማንም አያውቃቸውም፤ 11ኛው መልስ ትዝ አለኝ። አንዱ ግን ደንበኛችን ነው። በዓመት ብዙ ዕቃ የሚወስድ፣ ዋጋ ላይ ድርቅ የሚል ደንበኛ። የመግዣ ዋጋችን በየሳምንቱ በሚለጠፍበት ግሩፕ ውስጥ ተቀምጦ ከእኛ ጋር ሲከራከር ቆይቷል። የለቀቀውን ልጅ ስንጠረጥር ከርመን!

ማን እንዳስገባው ወደ ላይ ሄጄ ፈለግሁ። 2015 ዓ.ም. መስከረም ላይ ተጽፎ አገኘሁት፤ ያስገባው ሥራ አስኪያጁ ነው። ስልኬን አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበ፣ አውልቆ አስቀመጠ፣ በቀጥታም የካርዱን 300 ብር 500 አደረገው።

አሁን ግሩፑ ተዘግቷል። የሽያጭ ዋጋ ለብቻ፣ የመግዣው ለሦስት ሰው ብቻ በድርጅቱ ድራይቭ ላይ ሆኗል፤ የክሊራንስ ቅጹ ላይም ከቢሮ ቁልፉ ቀጥሎ አንድ መስመር ጨምሬያለሁ። የቀረኝ የፕሪንት ቤቱ ነገር ነው። የቢሯችን ፕሪንተር ቶነር ካለቀ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ ግዢው ገና አልተፈረመም፤ የነገው የጨረታ ሰነድ ደግሞ 84 ገጽ ነው።